ለተዥጎረጎረ የበርበሬ ቅጠል ገንዘብዎን በመድኃኒት ላይ አያጥፉ

እህቴ፣ «ጅማ ዞን ሰቃ ላይ የተከልኩት በርበሬ ቅጠሉ ተዥጎርጉሮና ተጨማድዶ ማደጉን አቆመ፤ የትኛውን መድኃኒት ልርጭ?» ብለው ጠይቀዋል። ምንም አይርጩ። የገለጹት ምልክት እዚያው ዞን ማና በሚገኘው ማሳዬ ላይ የደረሰው ነው፤ የታችኛው ቅጠል ደህና ሆኖ ሳለ አዲስ የሚወጣው ለጋ ቅጠል በደም ሥር መሰል መስመሮቹ ግራና ቀኝ ጠቁሮ በመስመሮቹ መሀል ያለው ይገረጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የድንች ዋይ ቫይረስ የሚመደብበት የፖቲቫይረሶች ቤተሰብ ሥራ ነው።

1. አስተላላፊው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ክሽክሽ የታመመውን ቅጠል በመርፌ መሰል አፉ ለጥቂት ሰከንዶች ሲቀምስ ቫይረሱ በራሱ ረዳት ፕሮቲን አማካኝነት አፉ ላይ ይጣበቃል፤ ቀጥሎ ያረፈበትን ጤነኛ ተክል ሲቀምስ ደግሞ እዚያው ያራግፈዋል። የተረጨው ፀረ ተባይ ነፍሳቱን እስኪገድል ድረስ ቫይረሱ ተላልፎ አልቋል፤ አንዳንዱ ርጭት እንዲያውም ክሽክሹን አስበርግጎ ከተክል ወደ ተክል ያዘዋውረዋል።

2. ቫይረሱ ሴል ውስጥ ከገባ በኋላ 10,000 ገደማ ፊደላት ያሉትን አር ኤን ኤውን (የዘር መመሪያውን) የተክሉ የፕሮቲን ማምረቻ እንዲያነብለት ያደርጋል፤ የሚወጣውንም ረጅም ፕሮቲን በራሱ መቁረጫዎች ወደ 10 ያህል ይከፋፍለዋል። ከዚያም በሴሎች መካከል ባሉ ቀጫጭን መተላለፊያዎች እያለፈ፣ በተክሉ የምግብ ማመላለሻ ቧንቧ ተጉዞ ለጋው ቅጠል ላይ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መድኃኒት ሻጭ ቅጠሉን እንኳ ሳያገላብጥ በመጀመሪያ የሻጋታ መድኃኒት፣ አልሠራ ሲል ደግሞ «ጠንከር ያለ» ያለውን ፀረ ተባይ ከሸጠልኝ በኋላ ነው። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅዬ በላስቲክ ጠቅልዬ አንድ ቢሮ ስወስድ የተቀበለኝ ባለሙያ ላስቲኩን ሳይፈታ «ማመልከቻ ጽፈህ ና» ብሎ መለሰኝ፤ ማመልከቻው እስኪመራ ተክሉ በስብሶ ነበር። የገበሬ ዓመት በማመልከቻ ምክንያት ማለፉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

3. በተከታዩ ወቅት ችግኙን በመረብ ሥር አፈላሁ፤ በለጋነቱ የተያዘ ተክል ፍሬው የማይረባ ስለሆነ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከመደቡ ነው። በርበሬውን ከማዛወሬ ቀደም ብዬም በማሳው ዙሪያ በቆሎ ጥቅጥቅ አድርጌ ዘራሁ። በርሮ የሚመጣው ክሽክሽ መጀመሪያ በቆሎው ላይ ሲያርፍና ሲቀምስ አፉ ላይ ያለውን ቫይረስ እዚያ ያራግፋል፤ ይህ የበርበሬ ቫይረስ ደግሞ በቆሎን አያጠቃም። በማሳው ዳር የበቀለውን አውጥ የሚባል አረምም የቫይረሱ መደበቂያ ስለሆነ ነቀልኩ። ያን ዓመት የለቀምኩትን ቀይ በርበሬ ለማየት ጎረቤቶቼ ደጄ ድረስ መጥተዋል፤ በዚህም እኮራለሁ።

የእርስዎ በርበሬ ገና ካላበበና የታመሙት ጥቂት ከሆኑ ዛሬውኑ ነቅለው ከማሳው ያርቁ፤ ፍሬ ከያዘ በኋላ ከታየ ግን ይተዉትና የደረሰውን ይልቀሙ። ለከርሞ ችግኝ የሚያፈሉበት መደብ አጠገብ የዘንድሮው በርበሬ እንደቆመ እንዳይቆይ፣ መደቡን ከማዘጋጀትዎ በፊት እሱን ያንሱ።