ዘፈኑ መጀመሪያ ለቅሶ ነው

በጦርነት ስለቆሰለች ከተማ የተዘፈነ ዘፈን ሲወጣ እኛ ውጭ ያለነው ቶሎ ነው የምንቀባበለው። ወዲያው ቲክቶክ ይሞላል። ግማሹ ይፎክርበታል፣ ግማሹ «ከተማችን ዳነች» ብሎ እልል ይላል። ሁለታችሁም እስኪ ሳትቸኩሉ ስሙት።

እንዲህ ያለ ዘፈን ብዙ ጊዜ ወደ እንጉርጉሮ ነው የሚያደላው። ዘፋኙ ከተማዋን በስሟ እየጠራ፣ እንደ ሰው እያናገረ፣ ያጣችውን ይቆጥርላታል። ጎጃም ያደገ ሰው ይህ የማን ሥራ እንደሆነ አይጠፋውም፤ የአልቃሽ ነው። አልቃሿ የሟቹን ስም፣ ሙያውንና ጠባዩን እያነሳች ሙሾ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል። መጽናናት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጎጃም ደግሞ ያልተለቀሰ ብዙ አለ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በመንግሥትና በፋኖ መካከል ጦርነቱ ሲቀጣጠል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከአየር በደረሰ ጥቃት ሰው አለቀ። ጥር 2016 መርዓዊ ላይ በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች የተገደሉት ሲቪሎች ቢያንስ 45 እንደሆኑ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አሳውቋል። መንገድ ተዘግቶበት ቀብር ያልደረሰው ዘመድ ስንቱ ነው! እንዲህ ያለ ዘፈን ከተማዋን «ቁስልሽ ይድረቅ» ሲል ያንን የቀረ ለቅሶ እያስለቀሰ ነው እንጂ ድናለች እያለ አይደለም።

የእኛ ሌላው ጣጣ መርዶ ነው። አገር ቤት ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ገና ሳይነጋ ነው በር የሚንኳኳው። እኛ በፌስቡክ እንረዳለን። አንድ የማውቃት ልጅ የአጎቷን ሞት ያየችው የሆቴል አልጋ እያነጠፈች ነው። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ዘፈን ከፈተች፤ ከዘፈኑ ጋር የአጎቷ ፎቶ መጣ። አንሶላውን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እባካችሁ፣ የሟች ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ቤተሰቡ መረዳቱን ጠይቁ።

ስልክ ስትደውሉም ወሬ አታነፍንፉ። እናታችሁ ጋዜጠኛ አይደለችም። «እነማን ገቡ? እነማን ወጡ?» ስትሏት «ደህና ነን፣ ተመስገን» ብላ ትዘጋዋለች፤ እውነቷን ነው፣ መዘዝ አለው። «የማንን ለቅሶ አልደረስኩም?» በሏት። ያኔ ካርዳችሁ እስኪያልቅ ታወራችኋለች።

ገንዘብ ለመላክ ያሰባችሁ ትልልቁን ፕሮጀክት ለጊዜው ተዉት። የሰፈሩን እድር ጠይቁ። የማን አባወራ እንደሞተ፣ የማን ልጅ ከትምህርት እንደቀረ ከእድሩ ዳኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ክረምት ሳይገባ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ገበሬ የማዳበሪያ መግዣ ብትልኩ ከዘፈኑ ሺህ ላይክ ይበልጣል።

መንገዱ ሰላም ሆኖ አገር የገባችሁ እንደሆነ ደግሞ ድግሱን አታስቀድሙ። ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ቤት ለቤት ለቅሶ ድረሱ። «ዓመት አለፈው እኮ» አትበሉ፤ ሳትደርሱ ከቀራችሁ ቂሙ ለልጅ ልጅ ነው። ብዙ ንግግርም አያስፈልግም፤ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ መቀመጥ ነው። ስልካችሁን ግን ቤት ትታችሁት ሂዱ፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ ላይቭ የከፈተ ዘመድ መቼም ሳታዩ አትቀሩም።