የባዛር መግቢያ ላይ ብር መቀበል፦ እኛ ሞክረነው ነበር

ጥያቄሽን አነበብኩት። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ ያላችሁ ጎረቤታሞች ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት ባዛር ልታዘጋጁ ነው። ትርፉ ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን ይውላል። ያጨቃጨቃችሁ በሩ ነው፦ የሚገባ ሰው ሁሉ 50 ብር የግዴታ እርዳታ ይክፈል ወይስ የፈለገ ብቻ ይስጥ? ብዙዎቹ «ለድሃ ነው፣ ምን ችግር አለው፣ ይክፈል» ብለው መልሰውልሻል። እኔ አይክፈል ባይ ነኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፣ አንቺ እያልኩ ልቀጥል።

ይህን የምለው ሞክረነው ስለተቃጠልን ነው። እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በዕድራችን ስም ሦስት ዓመት ተከታታይ ባዛር አዘጋጅተናል። የመጀመሪያው ዓመት በር ላይ ብር ሲቀበል የዋለው ሰው እኔ ነኝ።

ያኔ መግቢያው 30 ብር ነበር። ሐሳቡን በጣም ወደነው ነበር። ወረቀት ላይ ሂሳቡ ያምራል። 300 ሰው ቢመጣ 9,000 ብር፣ ያውም አንድ ካልሲ ሳይሸጥ! «ደግሞ ለወሬ የሚመጣውን ያስቀርልናል» ተባለ። ከኮሚቴው አንድ ሽማግሌ ብቻ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «አቦ፣ ሰደቃ በግድ ሆነ እንዴ?» አለ። ግዴታው ዘካ ነው፣ እሱም ልክ አለው፣ ከተቀመጠ ሀብት ላይ ከአርባው አንዱ ነው፣ የሌለው ሰው አይጠየቅም፣ ሰደቃ ግን ከልብ ነው ብሎ አስረዳን። ሳቅንና አለፍነው። የቤተ ክርስቲያኑም ያው ነው። ሙዳየ ምጽዋቱ በር ላይ ይቀመጣል፣ ካልከፈልክ አትገባም የሚል ሰው ግን አጠገቡ አይቆምም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው በር ላይ ገመድ ወጠርን። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወጣቶች፣ አንድ የብር ቆርቆሮ። ሁለት ሰዓት ገደማ አንዲት እናት መጣች። ቀፊራ ገበያ የምትቸረችር መሰለችኝ፣ ዘንቢሏ ውስጥ ሎሚና ቃሪያ ነበር። ሦስት ልጆች አስከትላለች። ትንሹ መጥቶ ገመዱ ላይ ተንጠላጠለ።

«ስንት ነው?» አለችኝ።

«ለሰው 30 ብር።»

ልጆቿን በዓይኗ ቆጠረች። ራሷንም ጨመረች። «ለማየትም?»

«ለማየትም። ለእርዳታ ነው።»

በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ሰማያዊ የተማሪ ቦርሳ ተሰቅሏል። 80 ብር የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። እንግዲህ 120 ብር ከፍላ የ80 ብር ቦርሳ ልታይ ነው። «እሺ፣ እንመለሳለን» አለች። ትንሹን ከገመዱ ለማላቀቅ ትንሽ ታገለች፣ ከዚያ ሄዱ። አልተመለሱም። ያንን ቦርሳ ማታ ካልተሸጡት ዕቃዎች መሀል አገኘሁት።

እንደ እሷ ስንቱ ተመልሶ እንደሄደ አልቆጠርኩም። የገባውን ነው የቆጠርነው።

ቀጥለው የምናውቃቸው ሰዎች መጡ። ድሬ ላይ የማይተዋወቅ ማን አለ? «እኔንም ልታስከፍለኝ ነው?» ይላል አንዱ። ያኛው ድንኳን ያዋሰን ሰው ነው። ያቺ የገንዘብ ያዣችን እህት ናት። «እኔ የመጣሁት ሰው ፈልጌ ነው፣ አሁን እወጣለሁ» የሚለው ደግሞ ገብቶ ሁለት ሰዓት ይቆያል። አራት ሰዓት ላይ የሚከፍለው የማናውቀው ሰው ብቻ ሆነ። ዘመድ በነጻ፣ እንግዳ በብር። አንድ ሰውዬ ይህን አይቶ ብሩን አስመለሰኝ። ልክ ነበር፣ መለስኩለት።

ሌላው ነገር ወረቀት ነው። በፈቃዱ የሰጠ ሰው ምንም አይጠይቅም። ግዴታ ስትይ ግን ደረሰኝ ይመጣል። ደረሰኝ ሲመጣ ማኅተም ይመጣል። ማኅተም ሲመጣ «ማነው የፈቀደላችሁ?» ይመጣል። እኛ ከሱቅ የተገዛ ካርኒ ላይ በእስክሪብቶ ስንጽፍ ዋልን። አንዱ ካርኒውን አገላብጦ አየና «ይሄማ የሥጋ ቤት ነው» አለ። ሳቁ ይቅርና ጥያቄው ትክክል ነው።

ግን ትልቁ ኪሳራ ይህም አልነበረም። ትልቁን የነገሩን ሻጮቹ ናቸው።

ይቺ ከተማ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ በንግድ የተወለደች ናት። ከገበያዎቿ ታይዋን ብትሄጂ፣ አሸዋ ብትሄጂ፣ ቀፊራ ብትገቢ ለማየት የሚያስከፍልሽ የለም። ትነኪያለሽ፣ ታገላብጫለሽ፣ ትሄጃለሽ፣ ተጠርተሽ ትመለሻለሽ። መጀመሪያ የተጠራለትን ዋጋ የከፈለ ሰው ቤቱ ሲገባ ይሳቅበታል። እንዲህ ሆኖ ያደገ ገዢ በር ላይ 30 ብር ሲከፍል ምን ያደርጋል? ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ «መግቢያ ከፍዬ ነው የመጣሁት፣ 30ውን ቀንሺልኝ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ይህን ስሰማ ዋልኩ። ሻጯም ትቀንሳለች፣ ምን ታድርግ። አንዱ ያችኑ 30 ብር ሦስት ጠረጴዛ ላይ ሦስቴ ሲያስቀንሳት ሰምቻለሁ። እሱንስ አደነቅኩት።

እንግዲህ አስቢው። ጎብኚውን አስከፈልን ብለን በር ላይ የያዝነው ብር የወጣው ከሻጩ ኪስ ነው። ሻጩ ደግሞ አልተጠየቀም፣ አልተመሰገነም፣ እንደሰጠም አያውቅም። ስኒና ጀበና የምትሸጥ አንዲት ሴት አምስት ሰዓት ላይ ዕቃዋን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ምን ሆነሽ ብላት «እናንተ በር ላይ አራቁታችሁ ነው የምትልኩልኝ» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ቆጠርን። 118 ሰው ከፍሏል። 3,540 ብር። ከዚያ የወጣቶቹ ምሳና የሥጋ ቤቱ ካርኒ ዋጋ ተቀነሰ።

«ዕድርስ ግዴታ አይደል ወይ?» የሚል ይኖራል። በእኛም ኮሚቴ ተነስቷል። አዎ፣ ግዴታ ነው። ሐረሮች አፎቻ የሚሉትም መዋጮ አለው። ግን ዕድርተኛው የሚከፍለው ስብሰባ ተቀምጦ የተስማማበትን ነው። ነገ ቤቱ ሐዘን ሲገባ ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ሰው ይቆምለታል። በር ላይ ያገኘሽው መንገደኛ በምን ስብሰባ ተስማማ?

ካልተገደደ አይሰጥም የሚለውንም አልቀበልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ሺዎች ያለ ቤት ሲቀሩ ትዝ ይልሻል። ማን በር ላይ ቆሞ አስከፈለ? እናቴ ለእንግዳ የምታስቀምጠውን ፍራሽ ጠቅልላ ስትሸከም ማንም አልጠየቃትም። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢን ማየት ነው። ሰው ከየአገሩ ጥላ፣ ሻማ፣ ወርቅ ይዞ የሚመጣው ራሱ በተሳለው ስለት ነው። (በነገራችን ላይ ባዛራችሁን በዚያ ሳምንት አታድርጉት። የሰው ብር ሁሉ ለስለትና ለመኪና ታስሯል።)

በሁለተኛው ዓመት ገመዱን ጣልነው። በሩ ተከፍቶ ዋለ። ብሩን ከሻጩ በግልጽ ጠየቅን፦ አንድ ጠረጴዛ 200 ብር፣ አስቀድሞ የሚከፈል። ይሸሻሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መጀመሪያው ዓመት በነጻ 14 ጠረጴዛ ነበር፣ በሁለተኛው በክፍያ 22 ሆነ። ሻጩ የሚፈልገው ሰው ነው። ሰው እንደሚገባ ካወቀ ለጠረጴዛ መክፈል አይከብደውም። ስኒ ሻጯም መጣች፣ ያውም በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ መርጣ።

አንድ ጠረጴዛ ደግሞ የሰደቃ ጠረጴዛ አልነው። እዚያ ላይ ያለው ዕቃ ሁሉ በስጦታ የመጣ ነው፣ የተሸጠበት ሙሉ ዋጋ ለእርዳታው ይገባል። አይገርምሽም፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚከራከር ጠፋ። ያው ሰው፣ ያው አንደበት፣ ሁለት እርምጃ ወዲህ ግን ዋጋ አይቀንስም። የሚጨምርም ነበር። አንዷ የ40 ብር ወንፊት በ100 ብር ወስዳ መልስ አልፈለገችም።

ከኒሙ ዛፍ ጥላ ስር ቡና አፈላን። ቡናው ዋጋ አልተጻፈበትም። አጠገቡ የመስታወት ሳንዱቅ አስቀመጥን። መስታወት መሆኑ ወሳኝ ነው፣ የተዘጋ ካርቶን አታድርጉ። ሰው የገባውን ብር ሲያይ እጁ ይፈታል። ገና በጠዋት ሁለት ሦስት ባለ መቶ ከራሳችሁ ኪስ ጣል አድርጉበት። ባዶ ሳንዱቅ ውስጥ የሚገባው አምስት ብር ነው። እርግጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ ምንም ሳያስገባ የሄደም አለ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ አልናገርም።

ከሳንዱቁ በላይ ሰሌዳ ሰቀልን። «አረጋውያንን እንርዳ» አላልንም። የሁለት አሮጊቶች ቤት ጣሪያ ያፈስ ነበር፣ 24 ቆርቆሮ ያስፈልጋል ብለን 24 ሳጥን በጠመኔ ሳልን። በየሁለት ሰዓቱ ሳንዱቁ ሰው ፊት ተከፍቶ ይቆጠራል። የጠረጴዛው ኪራይና የሰደቃው ሽያጭ ይደመርበታል። ብሩ ስንት ቆርቆሮ እንደሚገዛ ይሰላና አንድ ልጅ ያን ያህል ሳጥን በጠመኔ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ሰዉ ዕቃ ትቶ ሳጥን መቁጠር ጀመረ። «ስንት ቀረ?» እየተባለ። ማታ ላይ ሳንዱቁ ብቻውን 6,215 ብር ሆነ። ከበሩ 3,540 ብር ጋር አስተያዪው። ሃያ አራቱም ሳጥን ተሞላ።

ሰዓቱን ልብ በሉ። የሳቢያን ፀሐይ ከእኛ አይሻልም። ከስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ማንም አይመጣም፣ የሚተኛው ይተኛል፣ በርጫ ላይ ያለው በርጫው ላይ ነው። ጠዋት ሽጡ፣ ቀትር ላይ ሸፍናችሁ እረፉ፣ አስር ሰዓት እንደገና ክፈቱ። ማታ ላይ የሚመጣው ሰው ደግሞ ፈታ ብሎ ነው የሚመጣው።

በሦስተኛው ዓመት ግን መግቢያ አስከፍለናል። አትሳቂ። በሁለተኛው ዓመት ልባሽ ነጋዴዎቹ ገና ሳንከፍት ገብተው ደህና ደህናውን ጠራርገው ወሰዱት፣ ማግሥቱን በእጥፍ ሲሸጡት አየን። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት የሚገባ 100 ብር ለእርዳታው ይከፍላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ለሁሉም ነጻ ነው። ነጋዴዎቹ ሳያንገራግሩ ከፈሉ፣ በቴሌብር። ለእነሱ ያች ሰዓት ከ100 ብር በላይ ታወጣለች። ልጆቿን ይዛ የምትመጣዋ እናት ደግሞ ሁለት ሰዓት ላይ በነጻ ትገባለች። ደህናው ዕቃ ሁሉ በዚያች ሰዓት እንዳያልቅ የልጆች ልብስና የትምህርት ቤት ዕቃ ከሁለት ሰዓት በፊት አናወጣም።

አዲስ አበባ የኤግዚቢሽን ማዕከል ባዛሮች መግቢያ አላቸው፣ የዲፕሎማት ባለቤቶች በየዓመቱ የሚያዘጋጁት የገና ባዛርም በትኬት ነው ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። ግን እዚያ የሚሄደው ሰው ከቤቱ ሲወጣ አስቦበት፣ ቀኑን እዚያ ሊያሳልፍ ነው። ሙዚቃ አለ፣ ምግብ አለ። እናንተም ማታ ላይ ሙዚቃ ካላችሁ ለሙዚቃው አስከፍሉ። በተረፈ ከመስኮት ያየ ጎረቤት በነጠላ ጫማ የሚመጣበትን ባዛር እንደዚያ አታድርጉት።

ዕጣ እናውጣ የሚል ሐሳብም አይቻለሁ። ለዕጣ የሎተሪ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል፣ ለአንድ ቅዳሜ ድካሙ አይከፍልም።

ኮሚቴያችሁ 50 ብር ካልሆነ ብሎ ከጸና ቢያንስ ልጆች በነጻ ይግቡ። ትኬቱ ደግሞ ለአንድ ስኒ ቡናና ለአንድ ሳምቡሳ ይሁን። ያኔ ሰው ገዛሁ ይላል እንጂ ተቀጣሁ አይልም። በሩ ላይም የማያውቁትን ሰው አፍጥጦ የሚያይ ጎረምሳ አታቁሙ፣ አንዲት ተጫዋች እናት ትቀመጥበት።

ሳንዱቁን መዋስ ከፈለጋችሁ እኔ ጋ አለ። መስታወቱ አንድ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፣ በፕላስተር ይዤዋለሁ። ውስጡ አንድ የጅቡቲ 100 ፍራንክ ሳንቲም ታገኛላችሁ። በሁለተኛው ዓመት የገባ ነው። ገንዘብ ያዣችን መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ ስላልተስማማች እስካሁን እዚያው ነው።