የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጨለማው የፊልሙ ነው የቴሌቪዥናችን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ተከታታይ ፊልምን ሲዝን 8 ክፍል 3 ከእህቶቼ ጋር ከምሳ በኋላ ሳሎን ሆነን ከፈትነው። የዊንተርፌል ምሽግ ከሙታን ሠራዊት ጋር ያደረገውን ጦርነት በድምፅ ተከታተልነው እንጂ አየነው ለማለት ይከብዳል። ብራይትነሱን 100 አደረስኩት፤ ይባስ ብሎ ጭጋግ ሆነ። ቴሌቪዥኑ አርጅቶ ይሆን? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ቴሌቪዥኑን አይንኩት፤ ሌላው ዓለምም በዚህ ክፍል እንደ እርስዎ አማርሯል። በእኛ አቆጣጠር የወጣው የ2011 ፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 21 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ቅሬታው የጀመረው 82 ደቂቃው ሳያልቅ ነበር። የቀረጻ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ጨለማው ታስቦበት የተሠራ መሆኑን ገልጾ፣ ተመልካቹ ቴሌቪዥኑን በትክክል አለማስተካከሉንና ፊልሙ ሲተላለፍ መጨመቁን በምክንያትነት አንሥቷል። እውነት አለው። ሆኖም ለሰው ሳሎን የሚሠራ ባለሙያ የሰው ሳሎን ምን እንደሚመስል ማሰብም ነበረበት።

ወደ ብራይትነሱ እንምጣ። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህ ቁጥር መብራቱን አይጨምርም፤ የሚያነሣው ጥቁሩን ነው። 100 ሲያደርሱት ጥቁሩ ዐመድ ይመስላል፤ ጨለማው ውስጥ የነበረው ፊት ግን እዚያው ይቀራል። ወደ ነበረበት (ብዙ ጊዜ 50) ይመልሱት። መብራቱ «ባክላይት» የሚለው ነው። አዳዲስ ሶኒዎች ላይ ግን ስሙ ይገለበጣል፤ «ብራይትነስ» መብራቱ፣ «ብላክ ሌቭል» ጥቁሩ ይሆናል።

በመጀመሪያ ፒክቸር ሞዱን ከ«ቪቪድ» ወይም «ዳይናሚክ» አውጥተው «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ላይ ያድርጉት። ቀጥለው «ኢኮ» ወይም «ኢነርጂ ሴቪንግ» የሚለውን ያጥፉ፤ ብዙዎች የሚረሱት ይህን ነው፣ መብራቱን በራሱ ጊዜ የሚቀንሰውም እሱ ነው። ከዚያ ባክላይቱን ለክፍልዎ በሚበቃ መጠን ከፍ ያድርጉ። በመጨረሻ ጠንቋይዋ ሜሊሳንድሬ የዶትራኪዎቹን (የፈረሰኞቹን ጎሣ) ሰይፍ ካቀጣጠለች በኋላ፣ ፈረሰኞቹ ገና ሲንቀሳቀሱ ምስሉን ያቁሙት። ቅርብ ያሉት ፈረሶች ጀርባ ከመሬቱ ለጥቂት መለየት አለበት። ካልተለየ ብራይትነሱን በ1 ወይም በ2 ብቻ ይጨምሩ። ሰማዩ ግራጫ ከሆነ ደግሞ ይቀንሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ከምሳ በኋላ አይሆንም። ሐይቁን የሚያይ መስኮት ካለዎት ስክሪኑ ላይ የሚያዩት ዊንተርፌልን ሳይሆን የራስዎን መጋረጃ ነው። ከመሸ በኋላ፣ የሳሎኑን አምፖል አጥፍተው ይክፈቱት።

ጥያቄ፦ ሴቲንጉን ሁሉ አስተካክያለሁ። ጨለማው ውስጥ ግን አራት ማዕዘን ነገሮች ይርገበገባሉ፤ ሰማዩም እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታያል። በፍላሽ ያስገለበጥኩት ነው። (ከዓባይ ማዶ)

መልስ፦ የፋይሉን መጠን ይመልከቱ። 82 ደቂቃ 400 ሜጋባይት ውስጥ ከገባ ለአንድ ሰከንድ የሚደርሰው 0.65 ሜጋቢት ገደማ ነው። 3 ጊጋባይት ቢሆን ወደ 5 ሜጋቢት ይጠጋል። የሚጨምቀው ፕሮግራም ሲቆጥብ ዓይን አይለይም ብሎ ከሚያስበው ቦታ ይጀምራል፤ ያም ጨለማው ነው። በዚያ ላይ ይህ ክፍል የበረዶ ውሽንፍር አለበት፤ እያንዳንዷ ቅንጣት በየፍሬሙ ቦታ ስለምትቀይር ያለውን ሁሉ ትበላለች። ለጥቁሩ የሚተርፈው እነዚያ አራት ማዕዘኖች ናቸው። በሪሞት የሚድን ነገር አይደለም፤ ትልቅ ኮፒ ይፈልጉ፣ ባለ 10 ቢት (የቀለም ደረጃዎቹ የበዙለት) ከተገኘ ደግሞ የሰማዩ ደረጃ በእጅጉ ይቀንሳል።

ፍላሹ «ፋት 32» ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ «ቦታ የለም» የሚልዎት ባዶ ሆኖም ሊሆን ይችላል። «ኤክስፋት» አድርገው ፎርማት ያድርጉት፤ ውስጡ ያለው እንደሚጠፋ አይርሱ፤ የቆየ ቴሌቪዥን ላያነበውም ስለሚችል አስቀድመው በትንሽ ፋይል ይሞክሩ። መብራት ሄዶ በላፕቶፕ የሚያዩ ከሆነም፣ ብዙ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ጨለማ ትዕይንት ላይ የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳሉ፤ ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ስምንት ሲዝን ሙሉ ከሙታን ጋር ስትናጥ የኖረችው የጆን ስኖው ነፍስ ነች። እንዴት አርያ ከየት መጣች ሳትባል ዘላ የሙታኑን አዝማች፣ የሌሊቱን ንጉሥ ትገድላለች? መጽሐፉም እንዲህ ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ መጽሐፉ ጋ ገና አልተደረሰም። ከተከታታዩ መጻሕፍት አምስተኛው በፈረንጆቹ 2011 ከወጣ ወዲህ ስድስተኛው አልታተመም፤ ፊልሙ ከሲዝን 6 ጀምሮ ቀድሞት ሄዷል። በፊልሙ የምናየው የሙታን አዝማች ራሱ በመጽሐፎቹ የለም፤ ስሙ የሚቀራረበው የጥንት አፈ ታሪክ ሰው ብቻ ነው የሚጠቀሰው።

«ከየት መጣች» ለሚለው ግን ሲዝን 7 ክፍል 4ን መልሰው ይዩ። ወንድሟ ብራን ንጉሡን የገደለችበትን ጩቤ ለአርያ የሚሰጣት እዚያ ነው። በዚያው ክፍል ከሰይፈኛዋ ብሪየን ጋር ስትለማመድ ጩቤውን ከአንዱ እጇ ጥላ በሌላው ትቀልበዋለች፤ ንጉሡን የጣለችበት ዘዴ ይኸው ነው። ዘዴው ተዘርቷል፤ ያልተዘራው ስሜቱ ነው። አርያ ከሙታን ጋር የራሷ ቂም አልነበራትም፤ ስለዚህ ቅሬታዎ ግማሹ ቦታውን ይዟል። እኛን ይበልጥ ያናደደን ግን ግዙፎቹን የጦር ወንጭፎች ሁሉ ከእግረኛው ፊት፣ ከጉድጓዱ ውጭ ደርድረው ፈረሰኛውን በድቅድቅ ጨለማ መላካቸው ነው።

ጥያቄ፦ በቀጣዩ ክፍል (ሲዝን 8 ክፍል 4) ንግሥት ዴነሪስ ፊት የካፌ የወረቀት ኩባያ አለ ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጃለሁ። እሱ ሦስት ጊዜ አይቶ አጣው። (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ነበረ። ፊልሙን የሚያስተላልፈው ኤችቢኦ ስሕተት መሆኑን አምኖ፣ ዴነሪስ ያዘዘችው የዕፀዋት ሻይ ነበር ብሎ ቀልዶበታል። በቀናት ውስጥም በኮምፒውተር አጥፍቶታል። ጓደኛዎ የያዘው የታረመውን ኮፒ ነው፤ ሠላሳ ጊዜ ቢያየውም አያገኘውም። ውርርዱን መጀመሪያ በተላለፈው ኮፒ ያስዳኙት።