ቦዩ የማን ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ከተሞችና ተቋማት የአየር ንብረት ለውጥን እንዴት ሊያስተዳድሩ እንደሚገባ የሚጠይቁ አራቱን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአንድ ከተማ አስተዳደር የአካባቢ ጥበቃ ክፍል ባለሙያ ነኝ። ከተማችን የአየር ንብረት ለውጥን የመላመድ ስትራቴጂ ካጸደቀች አራት ዓመት ሆናት፤ ሰነዱን ካዘጋጁት አንዱ እኔ ነኝ። ይሁን እንጂ ዝናብ በጣለ ቁጥር በአንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ውሃ ይተኛል። ለመንገድ ክፍል ስጽፍ «ቦዩ የውሃና ፍሳሽ ነው» ይሉኛል። ውሃና ፍሳሽ «ቦዩን የደፈነው ቆሻሻ ስለሆነ ጽዳትን ጠይቁ» ይላል። ጽዳት ደግሞ «የመንገድ ዳር ቦይ የመንገዱ አካል ነው» ብሎ ወደ ተነሣሁበት ይመልሰኛል። ስትራቴጂው ለምን ሥራ ላይ አልዋለም? ጥፋቱ የእኛ የአዘጋጆቹ ነውን?

መልስ፦ የጥያቄዎ መልስ ከራሱ ከደብዳቤዎ ውስጥ ይገኛል። ሦስቱ ክፍሎች የሰጡዎት ምላሽ ከስንፍና የመነጨ ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዳቸው የተቋቋሙበትን ደንብ አውጥተው ቢያሳዩዎት ምናልባት ሁሉም ልክ ሆነው ይገኛሉ። መላመድ፣ ማለትም ከተለወጠው የአየር ንብረት ጋር ለመኖር የሚደረገው ዝግጅት፣ የራሱ ቦይ፣ የራሱ ነርስ፣ የራሱ ዶዘር የለውም። በስሙ የሚከናወነው ሥራ ሁሉ በሌላ ክፍል በጀት፣ በሌላ ክፍል ሠራተኛ የሚሠራና በሌላ ክፍል ዓመታዊ ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ነው። የእርስዎ ክፍል ስትራቴጂውን ሲጽፍ፣ ሊያዛቸው ሥልጣን የሌለውን ሰዎች በሰነድ ለማዘዝ ሞክሯል ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ያለፈ ሌላም አለ። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን የአየር ንብረት ጥበቃ ፕሮግራሟን የጀመረችው በ2004 ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘርፎችን ሁሉ የሚያቅፍ አንድ የመላመድ ስትራቴጂ አወጣች፤ ዘርፎቹ ግን እምብዛም አልነኩትም፤ የሁሉም የሆነው ሰነድ የማንም ሳይሆን ቀረ። ያን ጊዜ ሥራውን ይመሩ የነበሩት፣ ኋላም በዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ሳይንስ ፓነል የአንድ የሥራ ቡድን ተባባሪ ሊቀመንበር የሆኑት ዴብራ ሮበርትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የበለጠ ያማረ ሰነድ ለመጻፍ አልተቀመጡም። ይልቁንም የውሃ፣ የጤናና የአደጋ መከላከል ክፍሎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው የሥራ ዘርፍና በራሳቸው ቋንቋ የየራሳቸው የመላመድ ዕቅድ እንዲኖራቸው አደረጉ።

እርስዎም ስትራቴጂውን ለጊዜው ወደ ጎን ብለው ሌላ ወረቀት እንዲፈልጉ እመክርዎታለሁ፤ ይኸውም መንገድ ክፍሉ የቦይን ስፋት የሚያሰላበት የዲዛይን ማኑዋል ነው። መሐንዲስ ቦይ ሲነድፍ፣ በአሥር ወይም በሃያ አምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሊጥል የሚችለውን ከባድ ዝናብ ከሠንጠረዥ ላይ አንሥቶ ነው። ያ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው ከብዙ ዓመታት በፊት በተመዘገበ ዝናብ ከሆነ፣ ከንቲባው በየመድረኩ ስለ አየር ንብረት ቢናገሩም ዛሬ የሚቆፈረው ቦይ የሚቆፈረው ለድሮው ዝናብ ነው። ሠንጠረዡ በአዲስ መረጃ እንዲከለስ ማድረግና በግንባታ ፈቃድ ቅጽ ላይ «የግቢው የዝናብ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» የሚል አንድ መስመር ማስጨመር፣ ተነቦ ከማያልቅ ስትራቴጂ ይልቅ የከተማዋን መልክ ይለውጣል። ማኑዋል የሚያነብ ሰው የለም የሚሉ ይኖራሉ፤ ቢያንስ ኦዲተር ያነበዋል።

ኃላፊነትን በስም ማስቀመጥም ሌላው ጉዳይ ነው። በሕንድ የአሕመዳባድ ከተማ በሜይ 2010 ሙቀቱ ወደ 47 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ በዚያ ወር ከተለመደው በላይ ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከተማዋ በ2013 ሥራ ላይ ያዋለችው የሙቀት ዕቅድ የሚጀምረው ከቴርሞሜትሩ ነው፤ ትንበያው 45 ዲግሪ ሲደርስ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ማን ለማን እንደሚያሳውቅ፣ ሆስፒታሎች ምን እንደሚያዘጋጁ፣ የመጠጥ ውሃ እንዴት እንደሚቀርብ አስቀድሞ የተጻፈ ሲሆን፣ ሁሉንም የሚያስተባብር አንድ ኃላፊ ተመድቧል። ማስጠንቀቂያው ከወጣ በኋላ «ይህ የማን ሥራ ነው?» ብሎ ለመከራከር ጊዜ አልተተወም።

ለጤና ጣቢያው በር ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ የለብዎትም። በአካባቢው ያሉትን ቦዮች በእግርዎ ዞረው በአንድ ገጽ ይመዝግቡ፤ ከየት እስከ የት፣ ኃላፊው የትኛው ክፍል፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚጠረግበት ቀን፣ ወጪው የሚከፈልበት የበጀት ርእስ። ገጹን ለሦስቱ ክፍሎች አይበትኑት፤ ወደ ጋራ አለቃቸው ወስደው ያስፈርሙት። በሦስት ክፍሎች መካከል የተነሣን ክርክር ሊዘጋ የሚችለው ከሦስቱም በላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። ጥረጋው በመደበኛ በጀት መያዙንም አጥብቀው ይከታተሉ፤ ከተሞች በካፒታል በጀት አዲስ ግንባታ ማስመረቅ ይወዳሉ፤ ለተጠረገ ቦይ ግን ሪባን የሚቆርጥ የለም።

ጥያቄ፦ የከተማ ምክር ቤት አባል ነኝ። የአየር ንብረት ስምምነቱን የሚፈርመው ማዕከላዊ መንግሥት ነው፤ ገንዘቡም ከዓለም አቀፍ ፈንዶች ይመጣል ይባላል። ታዲያ ከተማ ከነዋሪዋ ኪስ ለመላመድ የምታወጣው ስለ ምን ነው?

መልስ፦ ስምምነቱን መንግሥታት ይፈርሙት እንጂ፣ የ2015ቱ የፓሪስ ስምምነት በአንቀጽ 7 ላይ መላመድ ከአካባቢ አንሥቶ እስከ ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚዘልቅ ፈተና መሆኑን ራሱ ይናገራል። ፈንዶቹን በተመለከተ ደግሞ፣ በ2010 በካንኩን ጉባኤ የተወሰነው የአረንጓዴ አየር ንብረት ፈንድ ገንዘብ የሚሰጠው ዕውቅና በሰጣቸው ተቋማት በኩል ሲሆን፣ አገሪቱ የሰየመችው አካል ተቃውሞ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤም ይፈልጋል። ከተማ በቀጥታ በሩን አንኳኩታ የምትገባበት ዕድል ጠባብ ነው። በሩ ቢከፈት እንኳ ፈንዱ ፕሮጀክት ይሠራል እንጂ በየዓመቱ ቦይ አይጠርግም።

የኮፐንሃገንን ታሪክ ልብ ቢሉት እወዳለሁ። በጁላይ 2 ቀን 2011 በዚያች ከተማ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ 150 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ ጉዳቱም በቢሊዮኖች በሚቆጠር ክሮነር ተተመነ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የደራሽ ዝናብ ዕቅድ ግቡን ማንም ሊለካው በሚችል ቁጥር አስቀመጠ፤ በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ዝናብ ቢጥል እንኳ፣ ውሃ እንዲይዙ ከተመረጡት ቦታዎች በስተቀር በጎዳና ላይ የሚተኛው ውሃ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ። ለዚህ ግን ሕግ መስተካከል ነበረበት። ከነዋሪው የውሃ ሂሳብ የሚሰበሰበው ገንዘብ ከመሬት በታች ለሚቀበር ቱቦ ብቻ ሳይሆን ከመሬት በላይ ውሃ ለሚይዙ መናፈሻዎችና ጎዳናዎችም እንዲውል ተፈቀደ። ኤንገሃቨ የተባለው መናፈሻ ዛሬ 22,600 ሜትር ኩብ ውሃ መያዝ ይችላል። አከፋፈሉም የሚያስተምር ነው፤ ውሃውን ለሚይዘው ክፍል የውሃ ክፍያው ሲውል፣ ለአትክልቱና ለማረፊያ ወንበሩ ከተማዋ ከግብር ታወጣለች።

እንግዲህ የማዕከላዊው መንግሥት ድርሻ የት ላይ እንደሆነ ይታያል፤ ከተማዋ ከራሷ ምንጭ እንድትሠራ ሕጉን መክፈት ነው። በኔዘርላንድስ ሥረ መሠረታቸው ከመካከለኛው ዘመን የሚመዘዝ 21 የውሃ ቦርዶች አሉ፤ አባሎቻቸው በብዛት በነዋሪው ይመረጣሉ፤ የራሳቸውን ግብር ይጥላሉ፤ ያንንም ገንዘብ ሌላ ክፍል ቸገረኝ ብሎ አይወስደውም። እንደ ምክር ቤት አባል ሊታገሉለት የሚገባው ይህ ዐይነቱ የተከለለ ገቢ ነው ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ዝናቡ ወይም የባሕሩ ከፍታ ከ50 ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደሚጨምር ሳይንቲስቶች አንድ ቁጥር አይሰጡም። ቁጥሩ ሳይታወቅ ምኑ ይታቀዳል?

መልስ፦ ቁጥሩ እስኪታወቅ መጠበቅ ራሱ ውሳኔ ነው፤ እየጠበቁ የሚሠሩት ቤት ሁሉ የተወሰነ ነገር ነውና። ለንደንን ከጎርፍ የሚጠብቀው የቴምዝ ወንዝ መከላከያ በር ሥራ የጀመረው በ1982 ነው። እስከዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያለውን ጊዜ የሚመለከተውና በ2012 የጸደቀው ዕቅድ አንድ ግንብ መርጦ አልዘጋም። የሚቻሉትን አማራጮች ደረደረ፤ የባሕሩ ከፍታ፣ የግንቦቹ ሁኔታና ሌሎችም ምልክቶች እየተለኩ ዕቅዱ በየአሥር ዓመቱ እንዲፈተሽ ወሰነ። ፍተሻው ለይስሙላ እንዳልነበረ በ2023 ታየ፤ ከመከላከያው በላይ ባለው የወንዙ ክፍል ያሉት ግንቦች ከፍ የሚሉበት የጊዜ ገደብ በ15 ዓመት እንዲቀድም ተደርጎ 2050 ሆነ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከሳይንሱ ይልቅ የምርጫ ዘመኑ ነው። የምክር ቤት ዕድሜ አራት ወይም አምስት ዓመት ሲሆን የቦይ ዕድሜ ሃምሳ ነው። የፍተሻው ቀንና ውሳኔን የሚያስነሣው ልኬት በደንብ ላይ ካልሰፈሩ፣ አዲሱ ምክር ቤት ሁሉንም ከሀ ብሎ ይጀምራል፤ ወይም ጨርሶ አይጀምርም።

ጥያቄ፦ «ዘላቂነት» እና «መላመድ» አንድ ናቸው? መሥሪያ ቤታችን ሁለቱን በአንድ ኮሚቴ ሥር አድርጓቸዋል።

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ መላመድ ራስን ከሚመጣው ጉዳት መጠበቅ ሲሆን፣ ዘላቂነት አካባቢንና የነገውን ትውልድ ሳይጎዱ መኖር ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ይጋጫሉ። አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመለት ቢሮ ሙቀቱን ተላምዷል፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ሙቀቱንም ወደ ጎዳናው ይተፋዋል። በወንዝ ዳር የሚሠራ ግንብ የላይኛውን ሰፈር አድኖ ውሃውን በታችኛው ሰፈር ላይ ሊለቀው ይችላል። በአንድ ኮሚቴ መሆናቸው ክፋት የለውም፤ እንዲያውም ግጭቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ እንዲታይ ያግዛል። ይህ የሚሆነው ግን የሚጎዳው ወገን በስብሰባው ላይ ሲገኝ ስለሆነ፣ የግንቡ ጉዳይ ለውሳኔ በሚቀርብበት ዕለት የታችኛው ሰፈር ተወካይ መጠራቱን ከቃለ ጉባኤው ሳይሆን ከጥሪ ደብዳቤው ላይ ያረጋግጡ።