ስለ ትልልቅ ሌዘር ዳዮዶች ጠይቃችሁኝ ነበር

የሌዘር ዳዮዶችን (ኤሌክትሪክን ወደ ሌዘር ብርሃን የሚቀይሩ ቺፖችን) ኃይል በፍጥነት ከፍ ዝቅ ስለማድረግ ከጠየቃችሁኝ ውስጥ የሚደጋገሙትን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ 976 ናኖ ሜትር፣ 10 ዋት ዳዮድ አለኝ። ኃይሉን ለመቀነስ ቮልቴጁን ልቀንስ?

መልስ፦ ቮልቴጁን ተወው ወንድሜ፤ ከረንቱን (የኤሌክትሪኩን ፍሰት) ያዝ። ዳዮዱ ከመነሻ ከረንቱ (ሌዘርነቱ ከሚጀምርበት መጠን) በታች ደብዛዛ ብርሃን ብቻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ አምፔር 1 ዋት ገደማ ይጨምራል። ቮልቴጁ ግን 2 ቮልት አካባቢ ላይ ብዙም አይነቃነቅም። በቮልቴጅ ልቆጣጠር ካልክ ትንሽ ስህተት ያቃጥልብሃል።

ጥያቄ፦ ድራይቨሬ (ለዳዮዱ ከረንት የሚሰጠው ሰርኪዩት) ፈጣን ነው ተብሎ ነው የገዛሁት። ብርሃኑ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። ዳዮዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ። መጀመሪያ ሽቦውን እዪው። 1 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ወደ 10 ናኖ ሄንሪ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) አለው። 10 አምፔር በ10 ናኖ ሰከንድ ውስጥ ይነሳ ካልሽ፣ ለዚያች 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ 10 ቮልት ያስፈልጋል። ሽቦሽ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ድራይቨሩ 5 ቮልት ትርፍ ካለው፣ 400 ናኖ ሰከንድ ይፈጃል። ሌላ ድራይቨር ከመግዛትሽ በፊት ያለሽን ዳዮዱ ሥር አስጠጊው። መሄጃና መመለሻውን ሰፋፊ መዳብ አድርገሽ አንዱን በሌላው ላይ ደርቢ።

ጥያቄ፦ በየምቱ (በየብርሃን ብልጭታው) መሃል ዳዮዱን ጭራሽ ላጥፋው?

መልስ፦ ከመነሻው ትንሽ ዝቅ አድርገህ አቆየው። ከዜሮ ሲጀምር ውስጡ ቻርጅ እስኪጠራቀም ናኖ ሰከንዶች ይባክናሉ።

ጥያቄ፦ በተከታታይ የተያያዙ ዳዮዶች በ100 አምፔር ሲሠሩስ?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ እወደዋለሁ። ገበሬ የመስኖ ውሃ ሲመልስ ወንዙን አያቆምም፤ ቦዩን ነው የሚያዞረው። እዚህም ምንጩ 100 አምፔሩን ሳያቋርጥ ይስጥ። ከዳዮዶቹ ትይዩ ሞስፌት (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ፈጣን ማብሪያ ማጥፊያ) ግጠም። ሞስፌቱ ሲበራ ከረንቱ በእሱ በኩል ያልፋል፣ ዳዮዶቹ ይጠፋሉ። ሲጠፋ ከረንቱ ወደ ዳዮዶቹ ይዞራል። ምንጩ መውጫው ላይ ትልቅ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ) ካለው ግን ይሄ ዘዴ አይሆንም፤ ሞስፌቱ በበራ ቁጥር ካፓሲተሩ በአንድ ጊዜ ይራገፍበታል።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱ ተገኘ። አሁን ምን ልፍራ?

መልስ፦ ከልክ አልፎ የሚዘል ከረንትን። አንድ ጊዜ ኦሲሎስኮፕ (ከረንቱን በግራፍ የሚያሳይ መሣሪያ) ላይ በየምቱ መጀመሪያ ቀጭን ሹል ጫፍ አየሁ። ለአፍታ ነው ብዬ አለፍኩት። ብርሃኑ ሲደክም በማይክሮስኮፕ ባየው፣ ብርሃኑ የሚወጣበት የዳዮዱ ፊት ላይ ጥቁር ነጥብ ተቃጥሏል። የተቃጠለ ፊት አይጠገንም። ከረንት ወደ ኋላ እንዳይገፋበትም ሾትኪ ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ፈጣን ዳዮድ) በግልባጭ አስረህ ጠብቀው። ዓይንህንም ለ976 ናኖ ሜትር በተሠራ መነጽር ሸፍን፤ ይሄ ብርሃን አይታይም።