ትንሿ ጥፍር፦ ስለ «ኡንጉላ» የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ «ኡንጉላ» የሚለው የላቲን ቃል ሰኮና ነው ወይስ ጥፍር?

መልስ፦ ሁለቱንም ነው። ሥሩ ጥፍር ማለት የሆነው «ኡንጉዊስ» ሲሆን፣ የማሳነሻ ቅጥያ ሲጨመርበት «ኡንጉላ»፣ ማለትም «ትንሿ ጥፍር» ይሆናል፤ ሮማውያን ግን በዚህ የማሳነሻ ስም የጠሩት ከሰው ጥፍር እጅግ የሚገዝፈውን የፈረስና የበሬ ሰኮና፣ እንዲሁም የንስርን ጥፍር ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው የኋላው ታሪክ ነው። ቃሉ ከላቲን ወደተወለዱት ቋንቋዎች ሲወርድ ተመልሶ የሰው ጣት ላይ ዐረፈ፤ የጣሊያንኛው «ኡንጊያ»፣ የፈረንሳይኛው «ኦንግል» እና የስፓኒሹ «ኡኛ» ዛሬ በዋናነት የሰውን ጥፍር የሚያመለክቱ ቢሆኑም የወጡት ከ«ኡንጉላ» ነው። ሰኮናውንማ ፈረንሳዮች «ሳቦ»፣ ጣሊያኖች ደግሞ «ዞኮሎ» ይሉታል፤ ሁለቱም የእንጨት ጫማ ስሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ የእኛ «ሰኮና» እንዲህ ያለ ታሪክ አለው?

መልስ፦ አለው፤ እርሱ ግን የተጓዘው ከጥፍር ሳይሆን ከተረከዝ ነው። በግእዝ «ሰኰና» የሰው ተረከዝም ጭምር ስለሆነ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት 3፥15 ላይ እባቡ የሚቀጠቅጠው የሴቲቱን ዘር «ሰኰና» ነው። ይህን የማያውቅ ወጣት አንባቢ የሰው ልጅ ሰኮና ያለው መስሎት ቢደናገር አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ኦኒክስ የተባለው የከበረ ድንጋይ ከዚህ ቃል ጋር ይዛመዳል?

መልስ፦ ይዛመዳል። «ኦኒክስ» በግሪክኛ ጥፍር ማለት ሲሆን ድንጋዩ ስሙን ያገኘው ጥፍር ከሚመስለው ቀለሙ ነው። ግሪክኛው ከላቲኑ «ኡንጉዊስ» ጋር የአንድ አያት ልጆች ናቸው እንጂ አንዱ ከሌላው አልተዋሰም። ቅባት ማለት የሆነው ተመሳሳይ ድምፅ ያለው የላቲን ቃል «ኡንጉዌንቱም» ግን መቀባት ከሚል ግሥ የመጣ ባዕድ ነው።

ጥያቄ፦ በጂኦሜትሪ መጽሐፍ ውስጥ «ኡንጉላ» ምን ይሠራል?

መልስ፦ ጎኑ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው፣ ውሃው የወለሉን ግማሽ ብቻ እስኪሸፍንና በአንድ በኩል ከአፉ ጫፍ እስኪደርስ ድረስ ቀስ ብለው ያዘንብሉት። የቀረው ውሃ የያዘው ቅርጽ፣ ከታች ግማሽ ክብ፣ ፊቱ ዘመም ያለ፣ የፈረስ ሰኮና ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ ነው። የግሪኩ የሒሳብ ሊቅ አርኪሜደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ ብርጭቆውን ልክክ አድርጎ የሚይዝ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን ቢኖር፣ ይህ ውሃ የሣጥኑን ይዘት ልክ አንድ ስድስተኛ ይሆናል፤ ብርጭቆው ክብ ሆኖ ሳለ በክብ ስሌት ውስጥ የተለመደው ፓይ የሚባል ቁጥር እዚህ አይገባም።