«ኔትልድ» ሳማ ነው ወይስ ንዴት?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ «ሺ ዋዝ ኔትልድ ባይ ሂዝ ኮመንት» የሚል አንብበህ መዝገበ ቃላቱ «ሳማ» ማለቱ ግራ አጋብቶሃል። መዝገበ ቃላቱ አልዋሸህም። ኔትል ያው የምናውቀው ሳማ ነው። የቅጠሉ ስም ውሎ አድሮ ግስ ሆነና ሰውን በነገር መለብለብንም ያዘ።

ልጅ ሳለሁ አጥር ሥር የገባ ኳስ ላወጣ ስል እጄን ሳማ አግኝቶኛል። ቅጠሉ ላይ ያሉት ጸጉሮች እንደ መስታወት ተሰባሪ ናቸው፤ ሲነኩ ጫፋቸው ይሰበርና እንደ መርፌ ሆነው ሂስታሚን የሚባል የሚያሳክክ ነገር ያለበትን ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ይጨምራሉ። አያደማም፣ ግን እስኪያልፍ ድረስ ሌላ ነገር አያሳስብም። የቃሉም ልክ ይኸው ነው። ቱግ ማለት አይደለም፤ አንድ ንግግር ወጋ አድርጎ ሲያልፍ የሚሰማው ነው። እኔ ብሆን «አስተያየቱ ቆጠቆጣት» ብዬ እተረጉመዋለሁ። «ተናደደች» ይበዛበታል።

በትርጉም የሚቀራረበው «አኖይ» (ማናደድ፣ ማስቸገር) ግን ከሌላ ቤት ነው፤ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ «ኢን ኦዲዮ» የመጣ ሲሆን ሥሩ ጥላቻ ነው። ለትንኝ ጩኸት እንኳ የምንጠቀምበት ቃል ከዚያ መነሳቱ ይገርመኛል።

«ግራስፕ ዘ ኔትል» ካጋጠመህ ደግሞ ችግርን ሳያመነቱ መጋፈጥ ማለት ነው። ሳማን ፈራ ተባ እያልክ ከነካኸው ይለበልብሃል፣ ጭብጥ ካደረግከው ግን ጸጉሩ ይተኛል ይላሉ። ሞክረው ግን አልልህም።